አምስቱ «ትክክለኛ» እና አንዲት «ለምን?»

ሰሞኑን አንዲት ጓደኛችን ፈተና ደርሶባት ማታ ማታ እኛ ጋ እየመጣች ታጠና ነበር። ነርሲንግ ነው የምትማረው፤ ሦስተኛ ዓመት ላይ ናት። እኛ ደግሞ ጋዜጠኝነት ተምረን የተረፈን ነገር ቢኖር መጠየቅ ነውና ደብተሯን ይዘን እንጠይቃለን፣ እሷ ትመልሳለች። የፋርማኮሎጂ ደብተሯን ስንገልጥ በቀይ እስክሪብቶ የተከበበ ዝርዝር አገኘን።

«መድኃኒት ከመስጠትሽ በፊት የምታረጋግጫቸው አምስቱ ነገሮች?» አልናት።

ጣቷን እያጠፈች ቆጠረች። «ትክክለኛው ታካሚ፣ ትክክለኛው መድኃኒት፣ ትክክለኛው መጠን፣ ትክክለኛው መንገድ፣ ትክክለኛው ሰዓት!» ትንፋሽ እንኳ አልወሰደችም። አንዳንዱ መጽሐፍ ስድስትም ሰባትም፣ ከዚያም በላይ ያደርሳቸዋል፤ መሠረቶቹ ግን እነዚህ አምስቱ ናቸው አለችን።

ሳቃችን መጣ። ለካስ የምናውቃት ዝርዝር ናት! እኛስ ዜና አጻጻፍ ስንጀምር በመጀመሪያው ሳምንት ያስሸመደዱን ምን ነበር? ማን? ምን? መቼ? የት? ታካሚው «ማን» ነው፤ መድኃኒቱ «ምን» ነው፤ መጠኑ «ስንት» ነው፤ መንገዱ «በየት» ነው፤ ሰዓቱ «መቼ» ነው። እኛ ዘንድ ግን አንዲት ተጨማሪ ነበረች፤ «ለምን?» የምትባል።

«የናንተ ‹ለምን› የት ሄደች?» ብለን ቀለድንባት።

እሷ ግን አልሳቀችም። ደብተሯን ዘጋችና ልምምድ በወጣችበት ሆስፒታል የገጠማትን አንድ ሌሊት ነገረችን።

ተረኛ ነበረች። ለአንድ የስኳር ታካሚ ኢንሱሊን ታዟል። ካርዱ ላይ የተጻፈው በችኮላ የተጫረ የእጅ ጽሑፍ ነው፤ «100» ይላል። ኢንሱሊን የሚለካው «ዩኒት» በሚባል መለኪያ ነው። 100 ዩኒት ማለት ደግሞ የኢንሱሊኑ ስሪንጅ ጢም ብሎ ሞላ ማለት ነው። ስሪንጁን ይዛ ቆመች። አንድ ነገር አልጥም አላት።

«ሲስተር፣ ይቅርታ፤ ይቺን ቁጥር ያዩልኛል?»

«የተጻፈውን ስጪ! አንቺ ነሽ እንዴ ሐኪሟ?»

ፊቷ ቀላ፤ እጇ ተንቀጠቀጠ። ግን አልሰጠችም። ኮሪደሩን አቋርጣ ተረኛዋን ሐኪም ከእንቅልፏ ቀሰቀሰቻት። ሐኪሟ ካርዱን አየችና ዝም አለች። የጻፈችው «10» ነበር። ከአጠገቡ ዩኒት ለማለት ያስቀመጠቻት የእንግሊዝኛ «ዩ» ፊደል አፏ ገጥሞ ዜሮ መስላ ነው። አሥር መቶ ሆነ! ኢንሱሊን ከልክ ሲያልፍ በደም ያለው ስኳር ወደ ታች ይወርዳል፤ አንጎል ደግሞ ዋና ምግቡ ስኳር ነው። ሰውየው በተኛበት ሊቀር ይችል ነበር።

«ማንም አላመሰገነኝም» አለችን። «እንዲያውም ‹ደፋር ናት› ተብሎ ተወራብኝ።»

ከዚያ ሌሊት በኋላ እኛም እንቅልፍ አጣን። ይህች በቃል የምትሸመደድ ዝርዝር ስትጣስ ምን እንደሆነ ታሪክ ውስጥ መቆፈር ጀመርን። በእያንዳንዷ ቃል ጀርባ መቃብር አገኘን። በብዙዎቹ መቃብሮች አጠገብ ደግሞ «ቆይ፣ ለምን?» ብሎ የጠየቀ ወይም ሳይጠይቅ የቀረ ሰው ቆሟል። እስቲ አብረን እንያቸው። (ዓ.ም. ብለን ካልጻፍን በቀር ዓመቶቹ የፈረንጆቹ ናቸው። ይቺን ማስታወሻ ያዙልን፤ ኋላ ትጠቅመናለች።)

መጠን

ከቤታችን እንጀምር፤ ከኮሶ። ጥሬ ሥጋ እንወዳለን፣ ጥሬ ሥጋ ደግሞ የኮሶ ትል ያመጣል። ስለዚህ አያቶቻችን በየጊዜው በጠዋት በባዶ ሆድ ኮሶ ይጠጡ ነበር። መራራነቱ እስካሁን በቋንቋችን ውስጥ አለ፤ ፊቱን ያጨፈገገ ሰው «ኮሶ የጠጣ መሰለ» ይባላል።

የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን አገራችን መጥቶ ዛፉን አየው፤ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉም ለአውሮፓ አስተዋወቀው። ዛሬ ኮሶ በሳይንስ የሚጠራው «ሀጌኒያ አቢሲኒካ» በሚል ስም ነው። «ሀጌኒያ» የተባለው ካርል ሀገን ለተባለ የኮኒግስበርግ መድኃኒት ቀማሚና የዕፅዋት ሊቅ መታሰቢያ ነው። የኛው ዛፍ በፈረንጅ ፋርማሲስት ስም ይጠራል ማለት ነው!

ስሙን ተዉትና ወደ ቁም ነገሩ እንግባ። ኮሶ ትሉን ይገድላል፤ ሲበዛ ደግሞ ጠጪውን። ከልክ ሲያልፍ ዓይን ያጠፋል፣ ፅንስ ያስወርዳል፣ ነፍስም ያሳልፋል። ችግሩ ልኩ የቱ ጋ ነው? የሚለው ነበር። የሚሰፈረው በእፍኝ ነው፤ የሴቴዋ ዛፍ አበባና የወንዴው አይተካከልም፤ ትኩሱና የከረመው አበባም ኃይሉ አንድ አይደለም። ያው እፍኝ ዛሬ ደካማ፣ ነገ ኃይለኛ ይሆናል።

ከኛ አያቶች ጋር አንድ ዓይነት ችግር የገጠመው አንድ እንግሊዛዊ ሐኪም ነበር፤ ዊልያም ዊዘሪንግ ይባላል። በ1775 አንድ የቤተሰብ የባህል መድኃኒት ቀረበለትና አስተያየት ተጠየቀ። ሽሮፕሻየር በሚባለው አውራጃ የሚኖሩ አንዲት አሮጊት በምስጢር የያዙት፣ ሐኪሞች ተስፋ የቆረጡባቸውን እብጠት የያዛቸውን ሰዎች የሚያድን ቅመም ነበር። 20 ገደማ ዕፅ ተቀላቅሎበታል። ዊዘሪንግ ከነዚህ ሁሉ ሠሪዋ «ፎክስግሎቭ» የምትባለው አበባ መሆኗን ለየ። ይህች አበባ መርዝ መሆኗ ይታወቃል።

ዊዘሪንግ «መድኃኒቱን አገኘሁት» ብሎ ገበያ አልወጣም። አሥር ዓመት ጠበቀ። ቅጠሉ የሚለቀምበትን ወቅት ወሰነ፤ አድርቆ አደቀቀው፤ ከጥቂት ጀምሮ እየጨመረ ሰጠ። ታካሚው ሲያቅለሸልሸው ወይም የልብ ትርታው ሲዘገይ ማቆም እንዳለበት ተማረ። በ1785 መጽሐፉን ሲያሳትም ከ150 በላይ ታካሚዎችን ታሪክ ጻፈ። የዳኑትን ብቻ ሳይሆን ያልዳኑትንም፤ እሱ ራሱ አብዝቶ የሰጣቸውንም ጭምር።

ከዚያች አበባ ቤተሰብ የሚገኘው ዲጎክሲን ዛሬም ለልብ ሕመም ይሰጣል። በሚያድነውና በሚገድለው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ነው። ስለዚህ ጓደኛችን ደብተር ላይ እንዲህ ይላል፦ ለአዋቂ ታካሚ ዲጎክሲን ከመስጠትሽ በፊት የልብ ትርታውን ሙሉ አንድ ደቂቃ አዳምጪ፤ ከ60 በታች ከሆነ አትስጪ፣ ለሐኪሙ ንገሪ። ያቺ አንድ ደቂቃ የዊዘሪንግ አሥር ዓመት ናት።

የጽሑፉስ ነገር? አሜሪካ ውስጥ ሆስፒታሎችን የሚመዝነው «ጆይንት ኮሚሽን» በ2004 በሐኪም ትዕዛዝ ላይ መጻፍ የሌለባቸውን አጭር ምልክቶች ዝርዝር አወጣ። ያቺ ዜሮ የምትመስለው «ዩ» ከነሱ አንዷ ናት፤ «ዩኒት» ተብሎ በሙሉ ይጻፍ ተባለ። «.5» አይጻፍም፣ «0.5» ይባላል፤ ነጥቧ ከደበዘዘች 5 ይሆናላ። «5.0» ም አይጻፍም፤ 50 ይመስላላ። ጓደኛችንን ያስጨነቃት ፊደል ከሷ በፊት ስንቱን አስጨንቃ ኖሯል!

መድኃኒት

ጊዜው 1937 ነው፤ ቦታው አሜሪካ። ፔኒሲሊን ገና ለሕዝብ አልደረሰም። ሰልፋኒላሚድ የሚባል መድኃኒት ግን የጉሮሮ ቁስለትንና ሌሎች ኢንፌክሽኖችን ድል ማድረግ ጀምሯል። ኪኒን ነው፤ ሕፃናት ግን ኪኒን አይውጡም። ስለዚህ ቴነሲ ክፍለ ግዛት ብሪስቶል ከተማ ያለ ማሴንጊል የተባለ ኩባንያ በፈሳሽ ሊሠራው ፈለገ። የኩባንያው ኬሚስት መድኃኒቱን የሚያሟሟ ነገር ሲፈልግ ዳይኢትሊን ግላይኮልን አገኘ። ጣፋጭ ነው፤ የራስበሪ ጣዕም ተጨመረበት። ቀለሙ ታየ፣ ጣዕሙ ተቀመሰ፣ ሽታው ተሸተተ። ይገድል እንደሆነ ግን ማንም አልሞከረም። እንዲሞክሩ የሚያስገድድ ሕግም አልነበረም።

ዳይኢትሊን ግላይኮል ኩላሊት የሚያቆም መርዝ ነው፤ የመኪና ራዲያተር በብርድ እንዳይቀዘቅዝ ከሚጨመሩት ኬሚካሎች ጋር ይዛመዳል። በዚያ ዓመት መጸው ከ100 በላይ ሰው አለቀ፤ ከነሱ 34ቱ ሕፃናት ነበሩ። የስድስት ዓመት ልጇን የቀበረች አንዲት እናት ለፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ደብዳቤ ጻፈች፤ የሌላ ሰው ልጅ እንዳይሞት ሕግ ይውጣ ብላ ተማጸነች።

የመንግሥት ተቆጣጣሪዎች አገሩን እያሰሱ ጠርሙሶቹን መልቀም ያዙ። ከተመረተው 240 ጋሎን ውስጥ 234ቱን አገኙ። ኩባንያው የተቀጣው ግን በምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሰው በመግደል አይደለም። ጠርሙሱ ላይ «ኤሊክሲር» ብሎ በመጻፉ ነው። ኤሊክሲር ማለት አልኮል ያለበት ማለት ሲሆን ይሄኛው አልኮል አልነበረበትም! ስሙን ባያሳስቱ ኖሮ የሚከሰሱበት አንቀጽ አልነበረም። ኬሚስቱ በኋላ ራሱን አጠፋ። በ1938 አዲስ ሕግ ወጣ፦ ማንኛውም አዲስ መድኃኒት ከመሸጡ በፊት እንደማይጎዳ ይረጋገጥ።

«የድሮ ታሪክ ነው» እንዳትሉን። ያው መርዝ በ1990 ናይጄሪያ ውስጥ በፓራሲታሞል ሽሮፕ ገብቶ ሕፃናት ገደለ፤ በ1996 በሃይቲ፣ በ2006 በፓናማ ደገመው። በ2022 ጋምቢያ ውስጥ ወደ 70 የሚጠጉ ሕፃናት ኩላሊታቸው ቆሞ ሞቱ፤ የዓለም ጤና ድርጅት በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ አራት የሳል ሽሮፖችን ስም ጠርቶ ማስጠንቀቂያ አወጣ። በዚያው ዓመት ኢንዶኔዥያ ውስጥ ወደ 200 የሚሆኑ ልጆች በተመሳሳይ መንገድ ሄዱ።

በአገራችንም «ይህን መድኃኒት ማን አየው?» የሚለውን ጥያቄ ተቋም እንዲጠይቀው በ1991 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 176 ወጣ፤ በ2002 ዓ.ም. አዋጅ 661፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ 1112 ተተኩ። የአዋጅ ቁጥር ማንበብ አሰልቺ ነው፤ እኛም ስናነብ እናዛጋ ነበር። የጋምቢያን ሕፃናት ካሰብን በኋላ ግን ማዛጋታችንን አቆምን።

ታካሚ

በ1937 ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መርዙ ዳይኢትሊን ግላይኮል መሆኑን በእንስሳት ሙከራ ካረጋገጡት መካከል አንዲት የ23 ዓመት ወጣት ነበረች። ስሟ ፍራንሲስ ኦልድሃም፤ በኋላ በትዳር ፍራንሲስ ኬልሲ። ወደ ቤተ ሙከራው የገባችበት መንገድ ያስቃል። ፕሮፌሰሩ ማመልከቻዋን አንብቦ ወንድ መስሎት «ሚስተር ኦልድሃም» ብሎ መልስ ጻፈላት! ሴት መሆኗን ቢያውቅ ይቀጥራት ነበር ወይ? እሷም ዕድሜዋን ሙሉ ጥርጣሬዋ አልለቀቃትም።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የወባ መድኃኒት ስትመራመር አንድ ነገር አስተዋለች። አዋቂ ጥንቸል ኪኒን የተባለውን የወባ መድኃኒት በቀላሉ ከሰውነቷ ታስወግዳለች፤ ያረገዘች ጥንቸል ይከብዳታል፤ ፅንሱ ግን ጭራሽ አይችልም። ያው መድኃኒት፣ ያው መጠን፤ የሚቀበለው አካል ግን ሌላ። ይህን አልረሳችውም።

በ1960 ኬልሲ የአሜሪካ ምግብና መድኃኒት መሥሪያ ቤት ተቀጠረች። አዲስ ስለሆነች ቀላል ሥራ ይሰጣት ተባለ። የተሰጣት ፋይል የእንቅልፍ መድኃኒት ነበር፤ በጀርመን ከ1957 ጀምሮ እንደ ከረሜላ የሚሸጥ፣ ነፍሰ ጡሮች ለማቅለሽለሽ የሚወስዱት፣ «ምንም አይጎዳም» የተባለለት። ስሙ ታሊዶማይድ።

በጊዜው ሕግ መሥሪያ ቤቱ በ60 ቀን ውስጥ ካልተቃወመ መድኃኒቱ በራሱ ጊዜ ይፈቀድ ነበር። ኬልሲ ፋይሉን አየችና ማስረጃው አልበቃኝም አለች። ኩባንያው ሌላ ወረቀት አመጣ፤ ይሄም አልበቃኝም። 60ው ቀን እንደገና ይቆጠራል። ኩባንያው ወደ 50 ጊዜ ያህል ወተወተ፤ ስልክ ደወለ፣ በአካል መጣ፣ ለአለቆቿ አቤት አለ። በ1961 መጀመሪያ አንድ የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣች አጭር ደብዳቤ አነበበች፤ መድኃኒቱን ለረጅም ጊዜ የወሰዱ ሰዎች እጅ እግራቸው ይደነዝዛል የምትል። ያን ጊዜ የጥንቸሎቹ ፅንስ ትዝ አላት። «አዋቂውን ነርቭ ከነካ ፅንሱንስ? ማስረጃ አምጡ» አለች።

ማስረጃው በኅዳር 1961 መጣ፤ በኩባንያው እጅ ግን አልነበረም። በጀርመንና በአውስትራሊያ ሐኪሞች እጅና እግር የሌላቸው ሕፃናት የሚወለዱት እናቶቻቸው ታሊዶማይድ በመውሰዳቸው መሆኑን ደረሱበት። በዓለም ዙሪያ ከ10,000 በላይ ሕፃናት ተጎዱ። አሜሪካ ውስጥ ኩባንያው ለሙከራ ብሎ ለሐኪሞች ባደለው ኪኒን ምክንያት የተጎዱት 17 መሆናቸው ተመዘገበ። ልዩነቱን የፈጠረው የአንዲት አዲስ ተቀጣሪ እምቢታ ነው። በ1962 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ሸለማት፤ ሕጉም በዚያው ዓመት ጠበቀ። ኬልሲ በ2015 በ101 ዓመቷ አረፈች።

ታሪኩ እዚህ አያልቅም። በ1964 ኢየሩሳሌም ውስጥ አንድ ሐኪም ይህንኑ ታሊዶማይድ ሕመም እንቅልፍ ለነሳው የሥጋ ደዌ ታካሚ ሰጠው፤ ለማስተኛት ብቻ ብሎ። የታካሚው ቁስልና ትኩሳት በቀናት ውስጥ ለቀቀ! በ1998 ያው የአሜሪካ መሥሪያ ቤት ለዚሁ የሥጋ ደዌ ችግር ፈቀደው፤ እርግዝና እንዳይኖር በጥብቅ ቁጥጥር። ኪኒኑ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሚውጠው ሰው ነው። «ትክክለኛው ታካሚ» ማለት ስም ጠርቶ አልጋ ቁጥር ማየት ብቻ አይደለም ለካ። ይህ ሰው አርግዛለች ወይ? ኩላሊቱ እንዴት ነው? አለርጂ አለበት ወይ? ሌላ ምን ይወስዳል? የሚሉት ሁሉ እዚያች ቃል ውስጥ ናቸው።

መንገድ

ቪንክሪስቲን የሚባል የካንሰር መድኃኒት አለ፤ ማዳጋስካር ከምትበቅል አንዲት አበባ የተገኘ። በደም ሥር ሲሰጥ የደም ካንሰር ያለባቸውን ሕፃናት ሕይወት ያተርፋል። በአከርካሪ በኩል ከተሰጠ ግን ገዳይ ነው። ክፋቱ፣ እነዚያው ታካሚዎች በአከርካሪ የሚሰጥ ሌላ መድኃኒት አላቸው። ሁለት ስሪንጅ፣ አንድ ትሪ፣ አንድ ታካሚ!

በ2001 እንግሊዝ ኖቲንግሃም ውስጥ አንድ የ18 ዓመት ወጣት በዚህ ስህተት ሞተ። ስሪንጁ ላይ ማስጠንቀቂያ ተጽፎበት ነበር፤ ሐኪሞቹም ሁለት ነበሩ። ከሱ በፊትም በተለያዩ አገሮች ሌሎች በተመሳሳይ ስህተት ሄደዋል፤ በየጊዜውም «ተጠንቀቁ» ይባል ነበር።

በ2007 የዓለም ጤና ድርጅት ሌላ መንገድ መከረ፦ ቪንክሪስቲንን በስሪንጅ አታዘጋጁት፤ በደም ሥር በሚንጠለጠል ትንሽ የጉሉኮስ ከረጢት ዓይነት ውስጥ አድርጉት። ከረጢት ይዞ አከርካሪ ለመውጋት የሚቃጣ የለማ! የደከመ ሰው ማስጠንቀቂያ ላያነብ ይችላል፤ ዕቃው ራሱ «እምቢ» ካለ ግን ስህተቱ ይከብዳል።

ሰዓት

አሁን ያቺን ማስታወሻ የምንፈልግበት ቦታ ደረስን። ይሄኛው የራሳችን ጣጣ ነው።

አንዲት የሰፈራችን እናት ፀረ ተህዋስያን ታዘዘላቸው፤ «በየ8 ሰዓቱ» ተባሉ። እሳቸውም በየቀኑ ምሳ በልተው ልክ በ8 ሰዓት አንድ ይውጣሉ! ሦስቱ በቀን አንድ ሆነ። ስህተቱ የሳቸው ነው እንዴ? «ጠዋት በ12፣ ቀን በ8፣ ማታ በ4 ይውሰዱ» ቢባሉ ምን ችግር ነበረው? በየ8 ሰዓቱ የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም። መድኃኒት ሰውነት ውስጥ ገብቶ ይሠራጫል፣ ጉበት ይፈጨዋል፣ ኩላሊት ያስወጣዋል። ከልኩ ወርዶ ሳያልቅ ቀጣዩ መድረስ አለበት። አለበለዚያ ተህዋሲው ትንፋሽ ያገኛል፤ መላመድም ይጀምራል።

ሁለተኛው ጣጣ ካሌንደር ነው። መድኃኒት ላይ የሚታተመው ማብቂያ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በ2017 ዓ.ም. «2022» የሚል የታተመበት ኪኒን መሳቢያ ውስጥ ብታገኙ ገና አምስት ዓመት የቀረው ይመስላል። በእውነቱ ግን ካለፈበት ሁለት ዓመት ሆኖታል! እስቲ ዛሬ ማታ መሳቢያችሁን ፈትሹ፤ እኛ ፈትሸን አፍረናል።

ለምን?

አሁን ወደ ጓደኛችን ሌሊት እንመለስ። ስሪንጁን ሞልታ ብትሰጥ ኖሮ ማን ይጠየቅ ነበር? እሷ። «አምስቱን አላረጋገጠችም» ይባል ነበር።

በ1999 አሜሪካ ውስጥ አንድ ትልቅ የጥናት ሪፖርት ወጣ፤ በሆስፒታል ስህተት በየዓመቱ ከ44,000 እስከ 98,000 ሰው ይሞታል ብሎ አገሩን አስደነገጠ። ሪፖርቱ አጥብቆ የተናገረው ግን ጥፋቱ የሰነፍ ሠራተኞች ብቻ አለመሆኑን ነው። ጥሩ ሰዎች ለስህተት በተመቻቸ አሠራር ውስጥ ስለሚሠሩ ነው አለ። ሆኖም ይህን መስማት አንድ ነገር ነው፣ መኖር ሌላ። በ2017 ኤሊክሲሩ በተመረተበት በዚያው ቴነሲ አንዲት ነርስ የሚያረጋጋ መድኃኒት ልታወጣ የመድኃኒት ማውጫ ማሽን ላይ የስሙን ሁለት ፊደላት ነካች። ማሽኑ በነዚያው ፊደላት የሚጀምር ሌላ መድኃኒት ሰጣት፤ ጡንቻን ሁሉ ሽባ የሚያደርግ። ማስጠንቀቂያዎችን አልፋ ሰጠችው፤ ታካሚዋ ሞተች። በ2022 ፍርድ ቤት በወንጀል ጥፋተኛ አላት፤ ሦስት ዓመት በገደብ ተፈረደባት። ብዙ ነርሶች በዚያ ቀን የተናገሩት ፍርሃት አንድ ነው፦ ከእንግዲህ ስህተቱን ማን ደፍሮ ይናገራል?

እኛ ነርሷ ምንም አላጠፋችም አንልም፤ የሞተች ሰው አለች። ግን ስህተት የሚያስቀጣ ብቻ ከሆነ ይደበቃል፤ የተደበቀ ስህተት ደግሞ ይደገማል። ዊዘሪንግ ራሱ አብዝቶ የሰጣቸውን ታካሚዎች ጽፎ ባያሳትም ኖሮ ከሱ በኋላ የመጡት ሐኪሞች ያንኑ ስህተት እንደ አዲስ ይሠሩት ነበር።

የአምስቱ ዝርዝር ጥሩ ነው፤ ይሸምደድ። ነገር ግን አምስቱም የሚጠይቁት እጅ ላይ ያለው ነገር ከተጻፈው ጋር መግጠሙን ነው። የተጻፈው ራሱ ስህተት ከሆነስ? ጓደኛችን ካርዱን አይታ 100 ብትሰጥ አምስቱንም «አረጋግጣ» ነበር! ሰውየውን ያተረፈው ዝርዝሩ ውስጥ የሌለው ነገር ነው፤ «ለምን ይህን ያህል?» ብሎ መቆም። ኬልሲም ያደረገችው ይሄንኑ ነው። ኬልሲ ተሸለመች፤ የኛዋ «ደፋር» ተባለች።

ቅር ያለን እዚህ ላይ ነው። ተማሪ እንዲጠይቅ እያስተማርን ሲጠይቅ የምንቆጣ ከሆነ ትምህርቱ ምን ሊረባ? «አንቺ ነሽ እንዴ ሐኪሟ?» ያሉት ሲስተር ክፉ ሰው ላይሆኑ ይችላሉ። ምናልባት እሳቸውም በጊዜያቸው ጠይቀው ተቆጥተዋል፤ ምናልባት በዚያ ሌሊት ለብቻቸው አርባ ታካሚ ይዘዋል። ለዚህም ነው ነገሩ በአንድ ሰው ጠባይ የማይፈታው። «ቆይ» ያለ ሰው ትክክል ባይሆን እንኳ የማይሰደብበት ዋርድ ያስፈልገናል።

እኛ ታካሚዎችም ድርሻ አለን። ኪኒን ሲሰጠን «ምንድን ነው? ለምንድን ነው? መቼ መቼ ነው? ሌላ የምወስደው አለ፣ ይስማማል?» ማለት ነውር አይደለም። ሰጪውም ቢሆን ቅር አይበለው፤ ምናልባት ያቺ ጥያቄ ታካሚውን ብቻ ሳይሆን እሱንም ታተርፈው ይሆናል።

ጓደኛችን ፈተናውን ተፈትናለች። «አምስቱን ጻፉ» የሚል መጣልሽ ወይ? አልናት። መጣ አለች፤ አምስቱን ጽፋለች። «‹ለምን›ንስ ጨመርሽ?» ብንላት፣ «ማርክ የለውም» ብላ ሳቀች።

ማርክ ይኑረው እንላለን። ቸር እንሰንብት!